ኮፈን አያርስም፤ ሞተሩን አንብቡ

የይፋት ሰው በሬ ሲገዛ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይጨብጣል፤ አስኪዶ እርምጃውን ይመለከታል። ማሾ ሲገዛ እጁን እስከ ክንዱ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ያወጣል። ይኸው ሰው ትራክተር ሲገዛ ግን ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቦ፣ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን ሰምቶ ቀብድ ይቆጥራል። ለመሆኑ ከአንድ በሬ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ከበሬ ያነሰ ምርመራ የሚደረግለት በምን ሒሳብ ነው?

ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን የሚያነሣው ከዳር ቆሞ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የማሾ ዋጋ ለማጣራት ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሳለ፣ ስድስት ሆነው ገንዘብ ያዋጡ የቀወት ወጣቶች አሮጌ ትራክተር ሲገዙ አብሯቸው ቆሟል። ትራክተሩ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን ነው። ቀለሙ አዲስ፣ የኋላ ጎማው ጥሩ፤ ኮፈኑ ግራና ቀኝ «178» የሚል ተለጥፎበታል።

«ወንድሞቼ፣ 178 ነው፤ ጥቁር አፈሩን እንደ ቅቤ የሚቆርጥ። ጽሑፉን እያያችሁት ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለ ደላላው።

የጠየቀም አልነበረም። ሊብሬው ታየ፤ ታርጋው ታየ፤ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ጋር ያመሳከረ ግን አንድም ሰው የለም። የስም ማዞሩ ጉዳይ «ከመኸር በኋላ ይደርሳል» ተባለ። ውል ተጻፈ፤ ደላላው ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኑን ተቀበለ። ይህ ጸሐፊም «ጎማው ጥሩ ነው» ከማለት በቀር የረባ ነገር አልተናገረም።

ሁለት ሚሊሜትር ተኩል

ሐምሌ ገባ። ትራክተሩ ጥቂት ቀን እንዳረሰ ሰማያዊ ጢስ ይተፋ፣ ዘይት ይጠጣ ጀመር። ሞተሩ ወረደ። ከስድስቱ አንዱ አዲስ አበባ ወጥቶ ሶማሌ ተራ ገባና «የማሲ 178 ፒስተን ከነፋሻው» ብሎ ጠየቀ፤ ባለሱቁም የተጠየቀውን ሰጠ። ዕቃው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሽማግሌው መካኒክ አንዱን ፒስተን አንሥቶ ከሲሊንደሩ አፍ ላይ አስቀመጠው። አልገባም።

«ልጄ፣ ይኼ ለዚህ ሞተር አይሆንም።»

«አባባ፣ የ178 ነው ብለው ነው የሰጡኝ።»

«የ178 ነው፤ ሰዎቹ አልዋሹህም። የእናንተ ሞተር ነው የ178 ያልሆነው። ና፣ እዚህ ጋ አንብብ።»

ሽማግሌው በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘው የሞኖብሎኩን ጎን ጠረጉ። ቀይ ቀለም ተልጦ ብረቱ ሲገለጥ፣ የተመታው ቁጥር መጀመሪያ ላይ «212» የሚል ወጣ።

የማሲ 178 ሞተር ፐርኪንስ 4.248 ነው፤ የሲሊንደሩ ወርድ 101 ሚሊሜትር ነው። የ4.212 ሞተር ሲሊንደር ወርድ ደግሞ 98.4 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ለዚህች ልዩነት ሲባል ዕቃው ተመልሶ እስኪለወጥ፣ ትክክለኛው እስኪገኝ፣ ሞተሩ እስኪገጠም የሐምሌ ዋናው ሳምንታት አለፉ። ቀብድ ከፍለው ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ገንዘባቸውን ተቀብለው ሌላ ትራክተር ፍለጋ ሄዱ። ዝናብ ደግሞ መካኒክ አይጠብቅም።

ነገሩ የአንድ ቀን ስሕተት ቢሆን ኖሮ የገበያ ገጽ ላይ ባልወጣ። ይሁንና ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ የአሮጌ ትራክተር ገበያ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። የምንገበያየው በኮፈን ስም ነው። የሚያርሰው ግን ሞተር ነው።

ለምን አሁን?

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላየም። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፍቀዱ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ቀረጥ የማይከፈልበት ትራክተርም ቢሆን የሚገዛው በዶላር ነው። አዲሱ ሲርቅ ዓይን ሁሉ ወደ አሮጌው ይዞራል። በየመጋዘኑ ጥግ ሣር በቅሎበት የነበረው ማሲ፣ ፊያትና ቤላሩስ ቀለም ተቀብቶ አደባባይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መለዋወጫውም እንደዚሁ ነው። ዱሮ የተሳሳተ ፒስተን የገዛ ሰው «ይሁን፣ ሌላ እገዛለሁ» ሊል ይችል ነበር። ዛሬ አንድ ሙሉ የፒስተን፣ የፋሻና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግዢ ቢሳሳት የአንድ ክረምት ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ስሕተቱ አልበዛ ይሆናል፤ ዋጋው ግን በዝቷል።

እነዚህ አሮጌ ትራክተሮች ከየት መጡ ቢባል ታሪካቸው የአገሪቱ የእርሻ ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ በአርሲ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአዋሽ ሸለቆ በጥጥ እርሻዎች፣ በሑመራ በሰሊጥና በማሽላ መሬት ብዙ ትራክተር ገብቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ ናዝሬት ላይ ፋብሪካ ቆሞ ቤላሩስ ትራክተር ይገጣጠም ጀመር። ከደርግ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች ወደ ግል ሲዛወሩና ንብረታቸው በጨረታ ሲሸጥ፣ ትራክተሩ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ያዘ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የአንዱ ሞተር ወርዶ ለሌላው ተገጥሟል፤ ከሦስት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው ትራክተር ተሠርቷል። መካኒኮቻችን ያለ መለዋወጫ አገር ያሳረሱት በዚህ ዘዴ በመሆኑ የሚመሰገኑ እንጂ የሚወቀሱ አይደሉም። ችግሩ ሞተሩ ሲለወጥ ኮፈኑ አለመለወጡ ነው።

የአሊዩ አምባ ነጋዴ ምን ያደርግ ነበር?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ፣ ከአንኮበር ተራራ ሥር ያለችውን አሊዩ አምባን ዛሬ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንደ ማንኛዋም ትንሽ ከተማ ሊያያት ይችላል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍባት፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና የደጋው ሰው የሚገናኙባት የሸዋ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡት እንግሊዛውያን፣ ሻለቃ ሃሪስም ሆነ እዚያው ከተማ የሰነበተው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን፣ ስለ ገበያዋ ጽፈዋል።

ያን ጊዜ በአገራችን ገበያዎች ገንዘቡ አሞሌና ጠገራ ብር ነበር። የተሸረፈ አሞሌ በሙሉ ዋጋ አይሄድም። የማርያ ቴሬዛ ብርም ቢሆን ዝም ብሎ አይወሰድም፤ ነጋዴው ገልብጦ ያየዋል። የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ነጥቦቹ በደንብ ይታያሉ ወይ? ከምስሏ ሥር ያሉት ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አሉ ወይ? ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ነጋዴ ምልክቱን ማንበብ ግን ያውቃል። ነጥቡ የተፋቀ ብር ሲመጣበት «አልቀበልም» ይላል። ብሩ ሁሉ ተመሳሳይ ዓመት፣ 1780 ተጽፎበት ስለሚመታ ዓመተ ምሕረቱ ምንም እንደማይነግረው ነጋዴው ያውቃል። የሚነግረው ጥቃቅኑ ምልክት ነው።

የትራክተርም ነገር ይኸው ነው። ኮፈኑ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ ስለዚህም ማንም ሊለጥፈው ይችላል። እውነቱ ያለው በቅባት ተሸፍኖ ብረቱ ላይ በተመታው ትንሹ ቁጥር ላይ ነው። አያቶቻችን አንድ ብር ለመቀበል ነጥብ ከቆጠሩ፣ እኛ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠር ገንዘብ አንድ ጨርቅ በናፍጣ ነክረን ብረት መጥረግ እንዴት ይከብደናል?

ቁጥሩ ምን ይላል?

ነገሩ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ከማሲ እንጀምር። ማሲ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዙን የፐርኪንስ ሞተር ፋብሪካ ስለገዛ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ማሲዎች ሞተራቸው ፐርኪንስ ነው። የፐርኪንስ አጠራር ቀላል ሒሳብ ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው አኃዝ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው። 3.152 ማለት ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 152 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። 4.248 ማለት ባለ አራት ሲሊንደር፣ አራት ሊትር ከጥቂት ነው።

ማሲ 135 የሚነዳው በ3.152 ነው። ማሲ 165 መጀመሪያ ላይ በ4.203 ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ በ4.212 ተለውጧል። ስለዚህ «165 ነው» ማለት ብቻውን ስለ ሞተሩ ምንም አይናገርም፤ ሁለቱም 165 ናቸው። ማሲ 175 በ4.236፣ ማሲ 178 ደግሞ በ4.248 ነው የሚነዳው። ኋላ የመጣው ማሲ 290ም የ4.248 ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ሚሊሜትሩ እንግባ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። 3.152 እና 4.203 አንድ ዓይነት ወርድና አንድ ዓይነት ምት አላቸው፤ ወርዳቸው 91.4፣ ምታቸው 127 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው የሲሊንደር ቁጥር ነው። 4.212 እና 4.236 ወርዳቸው አንድ ነው፤ 98.4 ሚሊሜትር። ምታቸው ግን ይለያያል፤ የመጀመሪያው 114.3፣ ሁለተኛው 127 ነው። 4.236 እና 4.248 ደግሞ ምታቸው አንድ ሆኖ ወርዳቸው ይለያያል። እንግዲህ 212፣ 236 እና 248 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ውጭውን ያየ ሰው መለየት አይችልም። አንዱ በሌላው ቦታ መገጠሙም በዚሁ ምክንያት ነው። በይዘት ስንመለከተው ግን 248 ነው ብሎ 212 የገዛ ሰው ከሞተሩ ሰባት እጅ አንዱን ያህል ሳያገኝ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል። ጥቁር አፈር ላይ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ጎትቶ የሚያውቅ ሰው ይህች አንድ እጅ ምን ማለት እንደሆነች አይጠፋውም።

ታዲያ ቁጥሩ የት ይገኛል? መሪው ፊት ለፊት ከጌጆቹ አጠገብ ያለችው ትንሽ ታርጋ የትራክተሩን ቁጥር እንጂ የሞተሩን አትናገርም፤ በአራት ብሎን የተያዘች በመሆኗም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አትቸገርም። የሞተሩ ቁጥር ሞኖብሎኩ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በናፍጣ ፖምፓው በኩል፣ ለስልሶ በተስተካከለ ትንሽ ቦታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። በቀደሙት ፐርኪንሶች ቁጥሩ የሚጀምረው በራሱ በይዘቱ ነው፤ 152፣ 203፣ 212፣ 236 ወይም 248። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቋንቋ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ግን በፊደል ይጀምራል። በእንግሊዝኛው «ሲ» የሚጀምር የ3.152 ወገን ነው፤ በ«ኤል» የሚጀምር የ4.236 ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ፊደል ወንድማማቾቹን ስለሚለይ ለመለዋወጫ ባለሱቅ በትክክል ተጽፎ መሰጠት አለበት። መካከል ላይ ያለው «ዩ» የእንግሊዝ ሥራ መሆኑን፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ዓመቱን ይናገራል፤ ቆጠራው ከ1974 «ኤ» ብሎ ይነሣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብረቱ ላይ ጎልተው የወጡ፣ ከብረቱ ጋር አብረው የቀለጡ ትላልቅ ቁጥሮችም ይታያሉ። እነዚህ የቀረጻው ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ቀረጻ ለተለያየ ሞተር ሊያገለግል ስለሚችል መለያ አይሆኑም። መታየት ያለበት ወደ ውስጥ የተመታው ነው።

ቁጥር የሚቆጥር ሰው ሊያታልለው የሚችል ሌላም አለ። ማሲ 35 የሚባለው ትንሹ ትራክተር እ.ኤ.አ. እስከ 1959 ገደማ ድረስ ስታንዳርድ የተባለ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ ከዚያ በኋላ በባለ ሦስቱ ፐርኪንስ ተተካ። ደላላ «ባለ አራት ፒስተን ነው፤ ጉልበቱ ሌላ ነው» ብሎ ቢያወድሰው አትደነቁ። ስታንዳርዱ በብርድ አልነሣ በማለት የሚታማ፣ ይዘቱም ከባለ ሦስቱ ያነሰ ሞተር ነው፤ ወደ ሁለት ሊትር ከሩብ ብቻ። የፒስተን ብዛት ሁልጊዜ ጉልበት አይደለም። ለመለየት ደግሞ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ከፖምፓው ወደ ኢንየቶሬዎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች መቁጠር ይበቃል።

ቤላሩስና ፊያት

በቤላሩስ በኩል ያለው ወጥመድ የተለየ ነው። ኤምቲዜድ 50 የሚነዳው «ዴ-50» በተባለ ሞተር፣ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ በ«ዴ-240» ነው። ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። ሁለቱም ወርዳቸው 110፣ ምታቸው 125 ሚሊሜትር፣ ይዘታቸውም 4.75 ሊትር ነው። እንግዲህ ቴስታታ ወርዶ በሚሊሜትር ቢለካ አንድ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው 55፣ ሁለተኛው 80 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ምክንያቱም አንዱ በደቂቃ 1700 ዙር፣ ሌላው 2200 ዙር እንዲሠራ ነው የተበጀው። «ፒስተኑ እኩል ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የ25 ፈረስ ልዩነት እንዳለው ንገሩት።

የሩሲያው «ዴ» ፊደል እግር ያላት ትንሽ ጎጆ ይመስላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ከቁጥሩ በኋላ ደጃፉ የተከፈተ ድንኳን የሚመስል ፊደል ካለ፣ ሞተሩ በባትሪ ሳይሆን በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሣው ዓይነት ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ገዢው ሁለት ሞተር እንደሚጠግን፣ ቤንዚንም እንደሚገዛ አስቀድሞ ይወቅ።

ፊያትን መለየት ከሁሉም ይቀላል። የሞተሩ ስም ባለ አራት አኃዝ ነው፤ ሦስተኛው አኃዝ የሲሊንደሩ ብዛት ነው። 8035 ባለ ሦስት፣ 8045 ባለ አራት፣ 8065 ባለ ስድስት።

የደላላው ክርክር

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ የሸዋ ሮቢት ደላሎች ያቀረብንላቸው እንደሆነ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። «ወንድሜ፣ የአምሳ ዓመት ትራክተር ነው። ሞተሩ ስንቴ እንደተለወጠ እግዜር ይወቀው። ዋናው ማረሱ ነው፤ ይኸው ታርሶ ታየ። አንተ በቁጥር ገበያውን ልትዘጋው ነው።»

ክርክሩ ፍሬ የለውም አይባልም። በእርግጥም የተለወጠ ሞተር ሁሉ ይጣል ቢባል ገበያው ይዘጋል፤ መሬቱም ጦም ያድራል። ነገር ግን ማንም «ይጣል» አላለም። የሚባለው «ይነገር» ነው። 178 ኮፈን ውስጥ 212 ሞተር ካለ፣ ዋጋው የ212 ይሁን፤ ገዢውም ፒስተን ሲገዛ የ212 ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ማንም አልተጎዳም።

ደግሞስ ኮፈኑ ሁልጊዜ ከሞተሩ በላይ ይዋሻል ያለው ማን ነው? 165 የሚል ኮፈን ለብሶ ውስጡ 236 የተገጠመለት ትራክተርም አለ። የዚያ ትራክተር ባለቤት በ165 ዋጋ ሲሸጥ የተጎዳው እሱ ነው። ቁጥር ማንበብ የገዢ ጠበቃ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለሐቀኛ ሻጭም ገንዘብ ነው። ለደላላውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በሐምሌ ያዘነ ገዢ በኅዳር ሌላ ደንበኛ አያመጣለትም።

ሁለተኛው ክርክር «ሕግ አለ፤ የተታለለ ይክሰስ» የሚል ነው። አዎ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። ይኸው ሕግ ግን ገዢውም ዕቃውን በጊዜ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በግንቦት ገዝቶ፣ ሁለት ወር አርሶበት፣ ሐምሌ ላይ ሞተሩ ሲወርድ «212 ሆኖ አገኘሁት» የሚል ሰው በፍርድ ቤት ምን ያህል ይቀናዋል? በዚያ ላይ ውሉ ላይ የተጻፈው «አንድ ቀይ ማሲ ትራክተር» ብቻ ከሆነ ዳኛው በምን ላይ ይፈርዳል? ሕጉ የሚጠቅመው ውሉ ላይ ቁጥር ሲኖር ነው።

ምን ይደረግ?

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው፤ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ መመሪያ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ቀብድ ከመቆጠሩ በፊት የሞተሩ ቁጥር ይነበብ። ናፍጣ፣ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። ቦታው በመፍጫ የተፋቀ፣ ወይም ሌላው ቁጥር ሁሉ ተደብዝዞ አንዱ ብቻ አዲስ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ቀብዱ ወደ ኪስ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በቃል አይወሰድ። ወረቀት ተለጥፎ በእርሳስ ይታሽና ቅርጹ ይነሣ፤ ሻጭም ገዢም ይፈርሙበት፤ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ውሉ ሦስት ቁጥር ይኑረው፤ የትራክተሩን፣ የሞተሩን፣ ሊብሬው ላይ ያለውን። ከተስማሙ እሰየው። ካልተስማሙ «አይስማሙም» ተብሎ ይጻፍና ዋጋው በዚያው ይነጋገሩበት። ስም ማዞርም «ከመኸር በኋላ» አይባል፤ የማይገጥም ቁጥር የሚጋለጠው እዚያ ነውና።

ሦስተኛ፣ ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ይምጣ፤ የቀን ዋጋውንም ራሱ ይክፈል። የሻጭ መካኒክ የሻጭ ነው። 212ን ከ236 የሚለየው ምቱ በመሆኑ፣ ቁጥሩ አጠራጣሪ ሲሆን የፒስተኑን ጉዞ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ለአንድ መካኒክ የሚከፈለው የግማሽ ቀን ዋጋ ከአንድ ፒስተን ዋጋ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

አራተኛ፣ የደላላ ኮሚሽን የሚከፈለው ቁጥሩ ውሉ ላይ ከሰፈረ በኋላ ይሁን። ገበያን የሚያርመው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ኮሚሽኑ በቁጥሩ ላይ ከተንጠለጠለ፣ በናፍጣ የራሰውን ጨርቅ ቀድሞ የሚይዘው ደላላው ራሱ ይሆናል።

አምስተኛ፣ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው የትራክተሩን ስም ይተው። ሶማሌ ተራ ሲገባ የሞተሩን ቁጥር ከነፊደሉ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ባለሱቁም ቁጥር ሳያይ ፒስተን ባይሸጥ ለስሙ ይበጀዋል።

ስድስቱ የቀወት ወጣቶች ትራክተራቸውን አልሸጡም። 212 ቢሆንም ሞተሩ ዛሬ በልኩ ተጠግኖ ጤነኛ ነው፤ ከባዱን መሬት ለሌላ ትተው ቀለል ያለውን ያርሱበታል። መስከረም ላይ ይህ ጸሐፊ በዚያ ሲያልፍ፣ ከኮፈኑ ላይ «178» የሚለውን ልጠው በነጭ ቀለም «212» ብለው ጽፈውበት አገኘ። የሚያያቸው ሁሉ «እንዲህ የሚባል ማሲ አለ እንዴ?» እያለ ይጠይቃቸዋል።

«ማሲው የለም፤ ሞተሩ ግን አለ» ይላሉ።

በዚህ ዓመት ትራክተር ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ ግንቦት ሳይደርስ ይህን አስቡበት። ደላላው ኮፈኑን ሲያሳያችሁ አመስግኑት፤ ከዚያ ኮፈኑን እንዲያነሣላችሁ ጠይቁት።